የእንቅልፍ ክኒን ሲቀነስ ሌሊቱን እንዴት ማለፍ ይቻላል

«ክኒኑን መቀነሱስ እሺ፤ ሌሊቱን ምን ላድርገው?»

የምሠራው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ፋርማሲ ነው። ይህች ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትመጣብኛለች። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። ከኋላ ወረፋ እያለ ቆሞ የሚመለስ ነገር ስላልሆነ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

መመሪያው ከሐኪም ጋር ተነጋግረው መቀነስ ለጀመሩ ሰዎች ነው። ስጽፈው በአእምሮዬ ያሉት ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም ወይም ዞልፒደም የሚወስዱ ናቸው። ለእንቅልፍ ብለው አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱም የሌሊቱን ክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ የመድኃኒቱ አቀናነስ ግን ይለያል።

ስንት እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእርስዎ ድርሻ ሌሊቱ ነው። ለሌሊቱ ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፦ ሌሊት ላይ ውሳኔ የለም። «ሩብ ልጨምር? ጭራሽ ልተወው? ነገ ሥራ ልቅር?» የሚባለው ሁሉ ለቀን ይቆያል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ በቀን የሚሠሩት ለዚህ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዐይንዎ ሲፈጥ የሚወሰን ነገር እንዳይተርፍ።

ለምን እንቅልፍ እንደሚጠፋ ባጭሩ ልንገርዎት። አንጎል የራሱ ፍሬን አለው። ክኒኑ ያንን ፍሬን አጠንክሮ ይይዝለታል። ለወራት ሲያዝለት አንጎል የራሱን እግር ላላ ያደርጋል። ክኒኑ ሲቀነስ እግሩን መልሶ እስኪያጠነክር ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ መሃል ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሕልም ይበዛል፣ ድምፅ ይጎላል። ድሮም የነበረው ውሻ ዘንድሮ ጆሮዎ ሥር የሚጮህ ይመስልዎታል። ይህ «ያለ ክኒን መተኛት አልችልም» ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሰውነት እየተስተካከለ ነው።

ይህን ሳያነቡ አይጀምሩ

ለሳምንታት ወይም ለወራት በየቀኑ የተወሰደ ክኒን በአንድ ጊዜ አይቆምም። ድንገት ሲቆም ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና ራስን የሚያስት፣ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ጸበል የሚገቡ ደንበኞቼ ላይ ይህ ሲሆን ስላየሁ ደግሜ እላለሁ፦ ጸበልዎን ይጠመቁ፣ ክኒኑን ግን በዕቅዱ መሠረት መውሰድዎን ይቀጥሉ።

እርጉዝ ከሆኑ፣ የሚጥል በሽታ ካለብዎት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ታሞ የሚያውቅ ሰው ከሆኑ፣ ወይም በየቀኑ መጠጥ የሚጠጡ ከሆኑ የመጀመሪያዋን ሩብ እንኳ ከመቀነስዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ያሉበትን ቦታና ጊዜ አለማወቅ፣ ትኩሳት ያለበት ኃይለኛ መንዘፍዘፍ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሩን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው። መንፈራገጡ ከመጣ በሽተኛውን በጎን ያስተኙ፤ ማንኪያም ጣትም አፍ ውስጥ አይግባ። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሐኪሙ እጅ የተጻፈ የቅነሳ ዕቅድ
- አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተርና እስክሪብቶ
- የክኒን መቁረጫ (ከሌለ ንጹሕ፣ አዲስ ምላጭ)
- ክዳን ያላት ደረቅ ብልቃጥ
- ከአልጋ ራቅ ያለ መቀመጫ፤ ወንበር፣ ዱካ ወይም መሬት ላይ የተጣለ ፍራሽ
- ጋቢና ካልሲ
- ደብዘዝ ያለ መብራት ወይም ላምባዲና። ሻማ አይሁን፤ እንቅልፍ ድንገት ሸለብ ሲያደርግዎት እሳት ያስነሳል
- የሚደውል ሰዓት
- ጥጥ ወይም የጆሮ መድፈኛ

1. ዕቅዱን በወረቀት ይቀበሉ

ሐኪሙ በቃል የነገረዎትን ከበሩ ሲወጡ ይረሱታል። ሦስት ነገር ያስጽፉ፦ በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ በየስንት ሳምንቱ፣ ከከበደ ምን እንደሚደረግ።

ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው የተለመደው ጅምር በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከሚወስደው መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው። ሐኪሙ እንደ ሁኔታዎ ሊያዘገየው ወይም ሊያፈጥነው ይችላል።

እዚህ ጋ አንድ ስሌት ላሳይዎት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ማታ ማታ 10 ሚሊግራም ዲያዜፓም ይወስዳሉ እንበል፤ ባለ 5ቱን ሁለት ፍሬ። ሩብ ፍሬ ሲቀነስ 1.25 ሚሊግራም ወረደ፤ ከመቶ 12 ተኩል ገደማ። ይቻላል። ወርደው ወርደው 2.5 ሲደርሱ ግን ያቺው ሩብ ፍሬ ግማሹን ይዛ ትሄዳለች። «መጨረሻው ላይ ደርሼ ወደቅኩ» የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው የጥንካሬ ማነስ አይደለም። እርምጃው ሳያውቁት ትልቅ ሆኖባቸው ነው። ባለ 2 ሚሊግራም ፍሬም ስላለ ዝቅ ሲሉ ወደዚያ መዞር ይቻል እንደሆነ ገና ሲጀምሩ ሐኪሙን ይጠይቁ።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሸጡት በተለየ ማዘዣ ነው። ገበያ ላይ የሚጠፉበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ሲቀርዎት ፍለጋ ይጀምሩ። ቅዳሜ ማታ አልቆብዎት እኛ ጋ ቢመጡ ያለ ማዘዣ ልሰጥዎት አልችልም፤ ተያይተን መቅረት ነው።

የተለመደ ስህተት፦ አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል። መቀነስ ይመስላል፤ አንጎልን ግን በየሁለት ቀኑ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። በየቀኑ እኩል መጠን፣ በእኩል ሰዓት።

2. ክኒኑን በቀን ብርሃን ይቁረጡ

አንድ አባባ የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ፈታ አድርገው የታጠፈች ወረቀት አወጡልኝ። «ሩቦቹ እነዚህ ናቸው» አሉ። ወረቀቷን ስዘረጋት ነጭ ዱቄትና ሁለት ስባሪ ብቻ ነበር። እሳቸው ከዚያች ላይ በየማታው በጣታቸው ቆንጠር ያደርጉ ነበር። አንድ ማታ ብዙ፣ አንድ ማታ ባዶ ማለት ነው።

በጠረጴዛ ላይ፣ ከመሃሉ መስመር ጀምረው ይቁረጡ። ሦስት አራት ቀን የሚበቃ ብቻ ቆርጠው በብልቃጥ ይክደኑ፤ የተቆረጠ ክኒን እርጥበት ይስባል። ከልጆች ያርቁ። ካፕሱልና ቀስ እያለ የሚለቅ ክኒን አይቆረጥም፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ እኛን ይጠይቁ። ማታ በጨለማ መቁረጥ ለምን እንደማይሆን አባባን ያስታውሱ።

3. የመነሻ ሰዓትዎን ይወስኑ

እንቅልፍ የሚመጣበትን ሰዓት ማዘዝ አይቻልም። የሚነሱበትን ግን ይቻላል። በአንድ ሰዓት መነሳት የሰውነትን ሰዓት ይሞላል፤ ማታ እንቅልፍ የሚጎትተውም እሱ ነው። በእኛ አካባቢ ሰርቪስ ወይም ታክሲ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ ብዙ ነው። እንደዚያ ከሆኑ እሑድም 11 ነው። ያናድዳል፣ አውቃለሁ።

ለ7 ሌሊት በደብተርዎ በግምት ስንት ሰዓት እንደተኙ ይጻፉ። ለምሳሌ 5፣ 6፣ 5፣ 6 ተኩል፣ 4 ተኩል፣ 6፣ 5 ተኩል። ድምሩ 38 ተኩል ነው፤ ለ7 ሲካፈል 5 ሰዓት ተኩል። ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት፣ 6 ሆነ። አልጋ ላይ የሚቆዩት 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ይተኛል ማለት ነው። ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሲገላበጡ ማደር ቀረ። ስሌቱ ከ5 ሰዓት ተኩል በታች ቢያወጣዎት እንኳ ከዚያ አይውረዱ። አልጋ ላይ ካሉበት ጊዜ አብዛኛውን፣ 85 በመቶ ያህሉን፣ ለአንድ ሳምንት ከተኙ 15 ደቂቃ ይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ይህን የሰዓት ማጥበብ አይሞክር፤ እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የሚነዱም ከሐኪም ሳይማከሩ አያጥብቡ። እነዚህ ሰዎች የመነሻ ሰዓታቸውን ብቻ አንድ ማድረግ ይበቃቸዋል።

ቀን ከተጫጫነዎት ከ8 ሰዓት በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ይቻላል። ከዚያ ያለፈ ከማታው ላይ የተሰረቀ ነው።

4. ቡናውን ወደ ጠዋት ያምጡት

10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ቡና ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ገና ደምዎ ውስጥ ነው። በረካ ቀጭን ብትሆንም ቡና ናት። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ሲል አይቅሩ፤ ይሂዱ፣ ይጫወቱ፣ ጤና አዳም ጣል የተደረገበት ሙቅ ውሃ ወይም ወተት ይያዙ። የመጨረሻ ሲኒዎ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ትሁን።

ቡናውን ግን ጭራሽ አይተዉት። ድንገት ሲቆም ራስ ምታት ያመጣልና የክኒኑ ነው ብለው ይደነግጣሉ። ክኒን፣ ቡና፣ ሲጋራ ሁሉንም በአንድ ሰሞን ልተው የሚል ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ አንዱን ብቻ እንዲይዝ ነው የምመክረው። ጫት ከቃሙ ቅነሳው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ጫት በተቃመበት ማታ ይህ ሁሉ እርምጃ አይሠራም።

አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ በክኒኑ ምትክ አይገቡም። መጠጥ እንቅልፍ ቶሎ ያመጣና ሌሊት ላይ ይነጥቃል። ከክኒኑ ጋር ሲደመር ደግሞ ትንፋሽ ያዘገያል፤ ሰው ይገድላል። የማስነጠስና የሳል ሽሮፕ «እንቅልፍ ስለሚያመጣ» ብለው መጨለጥም፣ የጎረቤት ክኒን መዋስም እዚያው ውስጥ ናቸው።

5. ለጭንቀቱ ቀጠሮ ይስጡት

አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ራት ሳይቀርብ፣ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። ገጹን ለሁለት ይክፈሉ። በግራ የሚያስጨንቅዎትን፣ በቀኝ ነገ በእጅዎ የሚደረገውን የመጀመሪያ ነገር ይጻፉ።

«የቤት ኪራይ» ካሉ በቀኝ «ነገ 4 ሰዓት ላይ አከራዬን ደውዬ እስከ 10 ቀን እለምናለሁ»። «የልጄ ክፍያ» ካሉ «ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ በሁለት ጊዜ ልክፈል ብዬ እጠይቃለሁ»። በቀኝ የሚጻፍ ከሌለ «በእጄ አይደለም» ብለው ይጻፉ። «ዛሬስ ባልተኛ?» የሚለውም ይጻፍ። በቀኙ «ወንበሬና ጋቢዬ ዝግጁ ናቸው» ይበሉ።

ይህ የሚረዳው ሐሳብ ቦታ ሲያጣ አልጋ ላይ ስለሚመጣ ነው። ሌሊት ሲመጣብዎት «ተጽፏል፤ ነገ 12 ተኩል» ብለው ይመልሱታል። መጀመሪያ ላይ አይሰማም። አምስት ስድስት ማታ ይታገሡት።

አልጋ ላይ ሆነው ደብተሩ ላይ አይጻፉ።

6. ቤቱን ለሌሊት ያዘጋጁ

ወንበሩን አስቀምጠው ጋቢውን ከነካልሲው ላዩ ላይ ይጣሉ። የእኛ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው፤ ጋቢ ፍለጋ መዞር ካለብዎት ከአልጋ አይነሱም። አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩና ሌላ ቦታ የሌላቸው ወደ ግርጌ ዞረው ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ። ራስጌው ለመተኛት ብቻ ይቅር።

ውሃ በፈረቃ ሌሊት የሚመጣበት ብሎክ ከሆነ ጀሪካን የመሙላቱን ተራ ለእነዚህ ሳምንታት ለሌላ የቤት ሰው ይስጡ። የቧንቧ ድምፅ እየጠበቁ የሚተኙት እንቅልፍ እንቅልፍ አይደለም።

ጅቡን፣ ውሻውን፣ ከንጋቱ በፊት የሚጀምረውን የማኅሌትና የአዛን ድምፅ ማጥፋት አይቻልም። ጆሮ ላይ ጥጥ፣ መስኮት ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ። ድምፁ ሲመጣ «ምን ነበር?» ብለው አያዳምጡት፤ ስም ሰጥተው ይለፉት፦ ውሻ ነው፣ ቅዳሴ ነው።

ሰዓቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩት። ስልክ ከአልጋ ሳይነሱ የማይደረስበት ቦታ ይሁን። ሰዓት ያየ ሰው ማስላት ይጀምራል፤ «አሁን ብተኛ 3 ሰዓት ይቀረኛል» ማለት ያነቃል።

7. ሲተኙ

የተወሰነው ሰዓት ደርሶ ዐይንዎ ሲከብድ ብቻ ወደ አልጋ ይሂዱ። ድካምና እንቅልፍ ይለያያሉ። እግርዎ ዝሎ ጭንቅላትዎ ከነቃ ገና ነው።

በጀርባዎ ተኝተው አንድ እጅ ሆድ ላይ ያድርጉ። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። አሥር ደቂቃ ያህል። የማስወጫው መርዘም የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ቁልፉ እሱ ነው። ቆጠራ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ የለመዱትን አጭር ጸሎት በዚያው ርዝመት ይበሉ። ዓላማው መረጋጋት ነው። «ይኸው ተነፈስኩ፣ የታለ እንቅልፉ?» ብሎ መጠበቅ መልሶ ያባርረዋል።

8. ካልመጣ ይነሱ

ሰዓት ሳያዩ፣ 20 ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልዎት ወይም መናደድ ሲጀምሩ ይነሱ። አልጋ ላይ ተኝቶ መጨነቅ ለአንጎል አልጋው የጭንቀት ቦታ ነው ብሎ ማስተማር ነው። ለዓመታት እንደዚያ የተማረ አንጎል ገና ትራሱን ሲነካ ይነቃል።

ጋቢውን ተከናንበው ደብዛዛ መብራት ላይ ይቀመጡ። አሰልቺ ሥራ ይምረጡ፦ ልብስ ማጠፍ፣ ሹራብ፣ የሚያውቁ ከሆነ ጥጥ መፍተል፣ መቁጠሪያ። ቴሌግራምና ቲክቶክ አይሆኑም፤ ዜናም አይሆንም። ዐይንዎ ሲወርድ ይመለሱ። ካልያዘዎት እንደገና ይነሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት አራት ጊዜ መነሳት ያለ ነው።

ሌሊት ላይ ውሳኔ የለም ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ብልቃጧ በእጅ አትገኝ። የዛሬውን ከወሰዱ በኋላ ለባለቤትዎ ወይም ለእናትዎ ይስጡ፤ «ሌሊት ብጠይቅህ አትስጠኝ» ተባብለው ይነጋገሩ። ቁጡ እንደሚሆኑም አስቀድመው ይንገሯቸው።

9. ጠዋት

ተኙም አልተኙ ሲደውል ይነሱ። ወደ ውጭ ወጥተው ብርሃን ያግኙ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆሙም ይቆጠራል። ከዚያ በደብተሩ አንድ መስመር፦ የወሰዱት መጠን፣ የተኙት ሰዓት በግምት፣ የተሰማዎት። ለሐኪሙ የሚያሳዩት ይኼን ነው። «አልተኛሁም» ከሚል ቃል ይልቅ አሥራ አራት መስመር ብዙ ይነግረዋል።

10. የከፋ ሳምንት ሲመጣ

ከቀነሱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ይከፋሉ። ዞልፒደም ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ የመጀመሪያው ማታ ላይ ይታወቃል። ዲያዜፓም ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሦስት አራት ቀን ደህና ሰንብተው በኋላ ሊመጣ ይችላል። «ደህና ነበርኩ እኮ!» ብለው አይደናገጡ።

ያሉበትን መጠን ይዘው ይቆዩ። ወደሚቀጥለው አይውረዱ፤ በራስዎም ወደ ላይ አይመለሱ። ሐኪሙን በቀን ያግኙት፤ አንድ እርምጃ ላይ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት ውድቀት አይደለም፣ ዕቅዱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሐዘን፣ ፈተና ወይም ቤት መቀየር ያለበት ሳምንትም ለመቀነስ አይመረጥም። ቅርብ ሐኪም ከሌለዎት ጤና ጣቢያዎ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ቀድሞ የነበረ ጭንቀት ወይም ድብርት ካለ እሱ ራሱ መታከም አለበት።

11. ካለቀ በኋላ

የመጨረሻዋን ሩብ ከዋጡ በኋላ የመነሻ ሰዓቱንና ወንበሩን ቢያንስ ለአንድ ወር አይልቀቁ። አንዳንድ መጥፎ ማታ ይኖራል፤ ክኒን ወስዶ የማያውቀውም ጎረቤትዎ አለው።

የተረፈ ፍሬ ካለ «ለክፉ ቀን» ብለው ትራስ ሥር አያስቀምጡ፣ ለሌላ ሰውም አይስጡ። ወደ ፋርማሲ ይዘውት ይምጡ። ማሸጊያው ቢጠፋም ግድ የለም።